የበያጁ ወተት

የሆስፒታሉ ሊፍት ተበላሽቷል። የልብ ሕክምና ክፍሉ ያለው ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከፊቴ ትወጣ የነበረች ወፈር ያለች ሴት የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ጥቂት ትራመድና ቆም ትላለች፤ ከኋላዋ ሰው መከማቸቱን ስታይ ታፍርና ትንፋሿ ሳይመለስላት እንደገና ትጀምራለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ከጎኗ ትከሻው ሰፊ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው የውኃ ጠርሙስ ይዞ ይወጣ ነበር። አየት አደረጋትና ድንገት ደረጃው መሐል ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ኧረ በቃኝ!» አለ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብሎ። «እህት ዓለም፣ እባክሽ ትንሽ አጠገቤ ተቀመጪ። ብቻዬን ብቀመጥ ሰው ሰክሯል ይለኛል።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። «የልብ ክፍሉን እላይ የሰቀለው ሰውዬ እኮ ራሱ ልብ የለውም» አላት። እንዲህ እያጫወተ የከንፈሯ ቀለም እስኪመለስ ድረስ አቆያት። ስትነሣ አብሯት ተነሣ። እንደገና ስትቆም እሱም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ላይ ስንደርስ እሷን ወረፋ አስያዛትና አንድ የተዘጋ በር ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የእናቴን የምርመራ ውጤት ልቀበል መጥቼ ነበርና ክፍት ቦታ ያገኘሁት ከጎኑ ነው። ዐይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል የጠርሙሱን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ጓደኛዬ እዚያ ውስጥ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ያኔ እኔ ልሞት ስል ወተት ያጠጣኝ እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ራሱ ሲጠጣ ደረስኩበት።»

ነገሩ አልገባኝም። እሱ ግን ዝም ብሎ መጠበቁ ስለከበደው በሩ እስኪከፈት ድረስ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ አወራኝ።

ሞርሳ ይሉታል። ሞርሳ ብረት ሠራተኞች ብረቱን ወዲያ ወዲህ እንዳይል ነክሶ እንዲይዝላቸው ጠረጴዛ ላይ የሚያስሩት፣ እጀታውን ባዞሩት ቁጥር የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በእጁ ምክንያት ነው፤ አንዴ የጨበጠውን አይለቅም።

አባቱን ያጣው በልጅነቱ ነበር። ሰውዬው ምሳውን በልቶ «ደረቴን ከበደኝ፣ ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ ተኛ፤ በዚያው አልነቃም። ጎረቤቱ ሁሉ የመሰለውን ምክንያት ሰጠ። የሞርሳ እናት ግን ከአእምሮዋ ያልወጣ አንድ ነገር ነበር። ግንባሩን ስትዳብሰው ላቡ እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዝ ነበር። ይህን ለልጇ ነግራው አታውቅም። የነገረቻት ለምራቷ ነው፣ አንድ ቀን ልብስ ሲያጥቡ።

ብየዳ ያስተማሩት ሽማግሌ ጥሩ ሰው ነበሩ። እጁን ይዘው ብረት ከብረት ማጋጠም አሳዩት፤ ዐይኑን ከእሳቱ እንዲጠብቅ በኩርኩም አስለመዱት። እሳቸው ከአሠሪያቸው የተማሩትንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አስተላለፉለት። «የብየዳ ጭስ ደረትህን ከያዘህ ወተት ጠጣና ጋደም በል። ላብ ላብ ካለህ ጭሱ ወጣልህ ማለት ነው።» ይህን የማያውቅ በያጅ በዚያ መንገድ ላይ የለም። ወርክሾፖቹ ተደርድረው መሐላቸው አንዲት ወተት ሻጭ ሱቅ አላት። አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ብቅ ካለ «ምን ልስጥህ?» ብላ አትጠይቅም፤ ብርጭቆውን ታነሣለች።

ሞርሳ የራሱን ወርክሾፕ ሲከፍት «ቀጭኑ» የሚሉትን ይህን ጓደኛውን አብሮት እንዲሠራ አስገባ። ቀጭኑ ብረቱን ይሞርዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። ሲጣሉ ለሰሚው የሚጋደሉ ይመስላሉ እንጂ ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሳሕን ነው። ሁለቱም ያጨሳሉ። ሞርሳ ለሲጋራ ክብሪት አባክኖ አያውቅም፤ በይዶ ከጨረሰው፣ ገና ቀልቶ ካልጠቆረው ብረት ላይ ነበር የሚለኩሰው። አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያዎች መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው የሰፈሩን ሰው ግፊት ሲለኩ ክንዱን ይዘው «ጋሼ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ» አሉት። «የቱቦላሬ ብረት ተሸክሞ የሚውል ሰው ታዲያ ሊወርድለት ነው?» ብሎ አስቋቸው ሄደ። ራሱን ካላመመው ግፊት የሚባል ነገር የሌለበት ይመስለው ነበር።

ከዚያ ደረቱ ይከብደው ጀመር። ላሜራ ተሸክሞ ዳገቷን ሲወጣ የሆነ ነገር ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ይጫነዋል፤ መንጋጋውንም ይቆረጥመዋል። ወርክሾፑ ሲደርስ ወተቱን ይጠጣል፣ ጋደም ይላል፣ ሕመሙም ይተወዋል።

«አየህ» ይለዋል ቀጭኑ፣ «ወተት ማለት እንዲህ ነው።»

እውነቱ ሌላ ነበር። ሸክሙን ያወረደውና ያረፈው ልቡ ነው፤ ምስጋናውን ግን ሁልጊዜ ወተቱ ወሰደ።

የዚያን ቀን ለአንድ መጋዘን የተሠራ ትልቅ የብረት በር ፒካፕ ላይ ተጭኖ ነበር። የተጫነው ሥራው ሳያልቅ ነው። የመጋዘኑ ጌታ ሾፌር ቸኩሎ «መንገዱ ይዘጋብኛል» እያለ ሲነዘንዛቸው፣ ሞርሳ የበሩን የአንዱን ተከፋች ክንፍ ማጠፊያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዝ አድርጎ «የቀረውን እዚያው እጨርሰዋለሁ» አለ። ማሽኑን ሊያጠፋ ጎንበስ ሲል ነው የያዘው።

እንደ ወትሮው ከበድ አላለውም። ደረቱን መሐል ለመሐል የሆነ ነገር ነከሰው፤ ከዚያ እጀታውን እያዞረ የሚያጠብቅ ሰው ያለ ይመስል እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄደ። ግራ ክንዱ እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ደነዘዘ። ጥርሱ ሁሉ አመመው። የፊት መከለያውን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ጭሱ ያዘኝ» አለ።

ቀጭኑ ሮጠ። ወተቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ፣ ግን እየሮጠ መጣ። ሞርሳ ጠጣው። አልተወውም። ቀጭኑ ተመልሶ ሮጠና ሌላ አመጣ። እሱንም ጠጣው። ነካሹ ነገር አሁንም እጀታውን እያዞረ ነው። ከዚያ ከግንባሩ፣ ከአንገቱ፣ ከጀርባው ላብ ፈነዳ።

«አላበህ!» አለ ቀጭኑ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ። «አላበህ እኮ! በል ተመስገን በል፣ እየወጣልህ ነው!»

የዘይት ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ግንባሩን ጠረገለት። ካርቶን አነጠፈለት። ጃኬቱን አጣጥፎ ከራስጌው አደረገለት። ሞርሳ ጋደም ሲል የላሜራ ጣሪያው ዞረበት። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ይህ የማያውቀው ዓይነት ላብ መሆኑ ተሰምቶታል፤ ግን የተማረው «ላብ ካለህ ወጣልህ» ነውና፣ እስኪወጣለት ጥርሱን ነክሶ መጠበቅ ያዘ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። «ያልቅላችኋል አያልቅላችሁም?»

የሞርሳ ባለቤት የመጣችው የዚያን ጊዜ ነው። የታመመች አክስቷን አብረው ሊጠይቁ ተቀጣጥረው ነበርና ቀረ ብላ ተናዳ ነው የመጣችው። ገና ከበሩ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ቃል አይከበርም ወይ?» ስትል ካርቶኑ ላይ አየችው።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አይደለም» አላት ቀጭኑ። «ጭስ ነው። አይዞሽ፣ ላቡ ወጥቶለታል።»

ተንበርክካ ግንባሩን ዳበሰችው። እጇ እዚያው ላይ ቀረ። ሞርሳ ፊቷ ሲለወጥ አየ፤ እሱን አይታ የደነገጠች ሳይሆን ከጀርባው የቆመ ሌላ ሰው ያየች ይመስል ነበር።

«ይሄ ጭስ አይደለም» አለች ዝግ ብላ። ከዚያ ጮኸች። «ይሄ ጭስ አይደለም! ፊቱን አታይም? አመድ መስሏል እኮ!»

«ብረት ሠራተኛ መቼ ቀልቶ ያውቃል?» አለ ቀጭኑ፤ ግን ድምፁ ሟሸሸ።

«አባቱ እንዲህ ሆኖ ነው የተኛው! እንዲህ ቀዝቅዞ! እናቱ ነግራኛለች። ተነሥ! አንተ፣ ተነሥ! እዚህ አትተኛም!»

«ትንሽ ልተኛ...» አለ ሞርሳ።

በጥፊ መታችው። በትዳር ዘመናቸው እጇን አንሥታበት አታውቅም። በኋላ ሲያስታውሰው «ከብየዳ መብራት ይልቅ እሱ ነው ዐይኔን ያበራው» ይላል።

ፒካፑ ላይ በሩ እንደተጫነ ነው። ቀጭኑ «ቆይ እናውርደው» ብሎ ገመድ ሊፈታ ሲሮጥ «ምንም አታውርድ!» ብላው ሾፌሩን «ንዳው!» አለችው። ሾፌሩ አንድ ጊዜ የሞርሳን ፊት አየና ነገር መጠየቁን ተወ። ሞርሳን ከፊት አስገብታው ከጎኑ ተጣበበች። ቀጭኑ ኋላ ላይ፣ ከበሩ ጋር ቆመ።

መንገዱ በመኪና ታንቆ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ተጭኖ አለቀቀውም። የእግረኛ መንገድ ላይ በአንድ ጎማው ወጣ፣ ተሰደበ፣ ወረደ። በተንገጫገጩ ቁጥር ከኋላ በሩ ይንጓጓል። ሞርሳ ያንን ድምፅ ሲሰማ ሌላ ፍርሃት ያዘው። ማጠፊያው! በነጥብ ብቻ የተያዘው ማጠፊያ ይህን መንገጫገጭ አይችለውም፤ ከተነቀለ ያ ሁሉ ብረት የሚወድቀው ቀጭኑ ላይ ነው።

«ማጠፊያው...» አለ።

«ዝም በል፣ አትናገር።»

«ማጠፊያው... አልተበየደም... ንገሪው...»

«ፈጣሪዬ፣ ስለ በር ያወራል!» አለች። እጁን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ሞርሳ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ቀጭኑ ተከፋቹን በደረቱ ደግፎ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ታቅፎታል። ማጠፊያው ተነቅሏል። ቀጭኑ ግን አልጮኸም፤ ከጮኸ መኪናው ይቆማልና።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነገር ሁሉ ፈጠነ። ሸሚዙን በመቀስ ቀደዱት፤ ደረቱ ላይ ገመድ ለጣጠፉ፤ ማሽኑ የተወዛወዘ መስመር ያለበት ወረቀት ተፋ። አንዲት ሐኪም ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አይታ አንዲት እንክብል አፉ ላይ አደረገችለት። «ያኝኩት። ሳይውጡ ያኝኩት። ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?»

ቀጭኑ ከበሩ ላይ ቀደመው። «ሁለት ብርጭቆ ወተት ጠጥቷል ዶክተር! ላቡም በደንብ ወጥቶለታል!»

ሐኪሟ ዘወር ብላ አየችው። የሚቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ እንዲያ ቢሆን ይሻል ነበር። ያኔ ነው ነገሩ ለቀጭኑ የገባው። መኪናው ላይ የብረት በሩን ሲይዝ የተቆረጠው መዳፉ ደም እያንጠባጠበ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ወተቱ ተመልሶ መጣ። ሁለቱም ብርጭቆ፣ አንድ ላይ፣ በሐኪሟ ጫማ ላይ።

«ይቅርታ...» አለ ሞርሳ።

«ጫማ ይታጠባል» አለችው። «ይስሙኝ። ልብ ሰውነትን ሁሉ ደም ያጠጣል፤ ለራሱ ደግሞ የራሱ ደም ሥሮች አሉት። ከነሱ አንዱ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስብ ሲለጠፍ፣ ሲጠራቀም ኖሯል። ዛሬ ተሰነጠቀና ደሙ እላዩ ላይ ረግቶ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ያለው የልብዎ ሥጋ ደም እያገኘ አይደለም። በቆየን ቁጥር እየሞተ ነው። አሁን በእጅ አንጓዎ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተን እንከፍተዋለን፤ ተመልሶ እንዳይዘጋም ትንሽ የብረት መረብ እናስቀምጥበታለን።»

ሞርሳ ከሕመሙ ውስጥ ሆኖ አንድ ቃል ብቻ ሰማ።

«ብረት? ማን በየደው?»

በዚያ ጭንቀት መሐል እንኳ ሐኪሟ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «አልተበየደም ጋሼ። ከአንድ ወጥ ቱቦ ተቆርጦ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው ይግባ» አለ። «ብየዳ ቢኖረው ሳላየው አላስገባም ነበር።»

ወደ ውስጥ ሲገፉት ባለቤቱ እስከ በሩ ድረስ እጁን አልለቀቀችም። ክፍሉ ይበርዳል። ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ ትከሻው ተረፈው። ከጎኑ ያለው ስክሪን ላይ የራሱን ልብ አየ። ደም ሥሮቹ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ይመስላሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ መሐሉ ላይ ቁርጥ ብሎ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። «አባቴንም የያዘው ይሄ ነበር» አለ በሆዱ። ማንም ሳያይለት።

«ሽቦው እየደረሰ ነው፣ አይዞዎት» አለችው ሐኪሟ።

ከዚያ ስክሪኑ ራቀ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለ። አንድ ሰው በኃይል «ልቡ!» ሲል ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም።

ልቡ መምታቱን ትቶ ዝም ብሎ እንደተንቀጠቀጠ፣ ከቀኝና ከግራ በኤሌክትሪክ እንደመቱት፣ አንዴ እምቢ ብሎ ደግመው እንደመቱት በኋላ ነው የነገሩት። «ዕድሜ ልኬን በብረት ላይ የሠራሁትን እኔ ላይ ሠሩት» ይላል። ውጭ ያሉት የሰሙት የእግር ሩጫ ብቻ ነው። ባለቤቱ መሬት ላይ ተንበርክካ ነበር። ቀጭኑን ነርሶቹ እጁን ሊሰፉለት ቢጠሩት እንቢ ብሎ፣ በሩን እያየ «እኔ ነኝ ያጠጣሁት፣ እኔ ነኝ ያቆየሁት» ይል ነበር፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሞርሳ ዐይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያወቀው የነከሰው ነገር መልቀቁን ነው። እጀታው ወደ ኋላ የዞረ ያህል ደረቱ ተፈቷል። ስክሪኑ ላይ የተቆረጠው ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ ድረስ ጠቁሮ፣ ደም ሞልቶት፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል።

«ያው» አለችው ሐኪሟ፣ በጭንብሏ ላይ ግንባሯ በላብ ርሶ። «ያ ያንተ ደም ሥር ነው፣ ተከፍቷል።» ድንጋጤው አንቱታውን አስረስቷታል። እሱም አልተቀየማትም።

በማግሥቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም አስረዳችው። ሲጋራው የደም ሥሩን ግድግዳ ሲያቆስል ኖሯል። ያ የሳቀበት ግፊት፣ ራሱን ሳያመው፣ በዝምታ ሲገፋው ኖሯል። ደሙ ውስጥ ያለው ስብ ከቁስሉ ላይ ተለጥፏል። የአባቱም አሟሟት የሚያስጠረጥር ነው፤ በቤተሰብ ይሄዳል፤ ቢሆንም ቀድሞ ለተጠነቀቀ ሰው የተጻፈ ፍርድ አይደለም። የብየዳ ጭስም ቢሆን ለልብም ለሳንባም ጥሩ አይደለም፤ በር ከፍቶ፣ ትክክለኛውን ጭንብል አድርጎ መሥራት አለበት።

«ወተቱስ?» አላት። «ወተቱ ነው የጎዳኝ?»

«ወተቱ አልጎዳዎትም። እሱን ጠጥተው የጠበቁት ጊዜ ነው የጎዳዎት።»

ከልቡ ጥቂት ሥጋ ሞቶ ቀርቷል፤ ዳገት ላይ ይታወቀዋል። በየጠዋቱ የሚውጣቸው እንክብሎች አሉ፤ አንዱ ግፊቱን፣ አንዱ ስቡን፣ ሌሎቹ ደሙ መረቡ ላይ እንዳይረጋ የሚከላከሉ ናቸው። «ደህና ነኝ ብለው አንድ ቀን ቢተዉአቸው፣ ያ መረብ ሊዘጋ ይችላል» ብላዋለች። ተመስገን፣ ትቶ አያውቅም። ሲጋራውንም ተወ፤ ብረቱ ቀልቶ ባየ ቁጥር ግን እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። በኪሱ ውስጥ አሁን ያለው ምስማር ነው።

ቀጭኑ ከዚያ ወዲህ ለማንም ወተት ይዞ አልሮጠም። ስለዚያ ቀን ሲወራም ተነሥቶ ይወጣል። ሞርሳ ሁሉም ሰው የተማረ መስሎት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር ሊያነሣ ከወርክሾፑ ጓሮ ሲሄድ ቀጭኑን አገኘው። የቀለም በርሜል ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ብርጭቆ ይዟል፤ ሌላው እጁ ደረቱ ላይ ነው።

«ምንድን ነው?» አለው።

«ምንም። ጭስ ነው።»

«የምን ጭስ? አንተ ዛሬ እስካሁን ቀለም ነው የቀባኸው!»

ቀጭኑ ትንሽ አሰበ። «የትናንቱ ይሆናላ» አለ።

ሞርሳ ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቆ መሬት ላይ ደፋው። ሰውዬውን በአንገትጌው ያዘው። የጨበጠውን እንደማይለቅ ታውቃላችሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለው ቀጭኑ መሬት መሬት እያየ፣ ከሰነበተ ነው አለ፤ ዳገት ላይ ነው አለ፤ ስቀመጥ ይተወኛል አለ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለው። ቀጭኑም «ያንተን አይቻለሁ። ፈራሁ» አለው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። መኪና ለምነው መጡ።

እዚህ ላይ ሞርሳ ወሬውን አቆመ። የጠርሙሱ ክዳን እጁ ላይ ቀርቷል። «ገና በር ስንገባ ነው የተቀበሉት» አለኝ። «ያቺው ሐኪም ናት። እኔን ስታየኝ ‹ወተት ጠጥቷል?› አለች። አልሳቀችም።»

በሩ ተከፈተ። ሁለታችንም ተነሣን፤ እኔ ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም። ቀጭኑ በእግሩ ወጣ። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ነው የቆለፋቸው፤ መዳፉ ላይ የቆየ የስፌት ጠባሳ ይታያል። ሐኪሟ ከኋላው ነበረች።

«የልቡ ደም ሥሮች ጠብበዋል እንጂ አልተዘጉም» አለችው ሞርሳን። «መድኃኒት ጀምረንለታል። ዛሬ እዚሁ ያድራል፣ ነገ የጠበበውን እንከፍትለታለን። ልቡ እስካሁን አልተጎዳም።» ቆም አለችና «በጊዜ አምጥተኸዋል» አለች።

«ሞርሳ» አለ ቀጭኑ፣ ሊቀልድ እየሞከረ። «እኔም ብረት ሊገባልኝ ነው።»

ሞርሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ግንባሩን አስደገፈ። «ተመስገን» ሲል ብቻ ሰማሁት፤ እኔም በልቤ አብሬው አልኩ። ከዚያ ዞሮ የቀጭኑን የተዛነፉ ቁልፎች እየፈታ በልካቸው ይቆልፍለት ጀመር። «በነጥብ የተያዘ በር ይመስል» አለው፣ «ደጅ ለደጅ ተዛንፈህ ትዞራለህ።»

ነርሷ ቀጭኑን ወደ አልጋው ከወሰደችው በኋላ ነው ሞርሳ ወደ እኔ የተመለሰው። ተመልሼ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ በዐይኑ አመለከተኝ።

«ማንበብ ትወዳለህ መሰለኝ። መጻፍስ?»

«እሞክራለሁ» አልኩት።

«እንግዲያው ላስቸግርህ ወንድሜ። ወተት ሻጯን በስልክ አነጋግሬያታለሁ። ‹ገበያዬን ልትዘጋው ነው?› አለችኝ። ‹የለም፣ ደንበኞችሽን ላቆይልሽ ነው› አልኳት፤ እሺ ብላለች። ከብርጭቆዎቹ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ነው። ፍሬሙን እኔ በይጄ እሠራዋለሁ። ሰው ደረቱን ሲያመው፣ ሲያልበው፣ መንጋጋውና ክንዱ ጋ ሲሄድበት ወተቱን ትቶ ቶሎ ወደ ሐኪም እንዲሮጥ በለው። ‹ጭስ ነው› እንዳይል በለው። መቼም አንተ ቃሉን ታውቅበታለህ።»

እሺ አልኩት። የእናቴን ውጤት ልቀበል ስነሣ ክንዴን ያዘኝ። እውነትም አይለቅም።

«ደግሞ አደራ፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ነገሩም አጭር። ደረቱን ይዞ የመጣ ሰው ረጅም ነገር አያነብም።»